ያልፋል

ከቺሎኤ ማዶ፣ በሊንኬ ደሴት ላይ፣
ዝናብ እንደ ዘመድ ነው፣ ሳይጠራ የሚታይ።
መቶ አርባ ነፍስ ነን፣ አንድ ቤተ ጸሎት፣
ሐኪም በወር አንዴ፣ ባሕሩ ከራራለት።
ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ የተባለውን እጽፋለሁ፣
ያልተባለውን ግን ሌሊት እሸከማለሁ።

ከሳንቲያጎ መጣ መሐንዲሱ ልጅ፣ ጫማው ገና አዲስ፣
ካርታው ከጠረጴዛ ተርፎ ጉልበታችን እስኪደርስ።
"ድልድይ" አለ፤ "መብራት፣ ሌትም ሆነ ቀን፤
አምቡላንስ በሃያ ደቂቃ።" ዝም ብለን አየን።
ጣቱ በቀይ መስመር ተጓዘች ተጓዘች፣
ኤዱቪና ቤት ላይ ስትደርስ ቆም አለች።
"ዶኛ ኤዱቪና፣" አለ አንገቱን ደፍቶ፣ "መንገዱ በዚህ ያልፋል።"
"ያልፋል?" ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ደረቅ ቅጠል።

"ይህን ቃል አውቀዋለሁ።
ነሐሴ ነበረ፣ ነፋሱ ከሰሜን፤
ኦሬስቴ ደረቱን ጨብጦ ወደቀ፣ ሳንጨርስ እራታችንን።
ጀልባ ለመንኩ። 'ማዕበሉ ይጠበቅ፤ ያልፋል' አሉኝ ሁሉም።
ሰው አልጨከነም፤ ውሃው ነው፣ ውሃ ዳኛ የለውም።
እግሩን አሻሸሁ፣ ሻማ አበራሁ፣ እጁን ያዝሁ፤
ሲነጋጋ ነፋሱ አለፈ። እሱም አለፈ። እኔ ቀረሁ።"

ዴሊሲዮ ተነሣ፣ የበሬዎቹ ጌታ፣
ቆቡን እየጨመቀ፣ እንደ እርጥብ ፎጣ።
"የአሥራ ሰባት ድንች ስም አውቃለሁ በቃሌ፤
ልጄ ሦስቱን ያውቃል፣ ያውም በስንት ትግሌ።
ድልድይ ሐኪም ያመጣል፤ ሐኪሙን ተከትሎ
ቤት ገዢ ይመጣል፣ ለአንድ ወር በጋ ብሎ፣
አጥር የሚያጥር፣ በር የሚቆልፍ።
በዚህ ደሴት ላይ ቁልፍ ያለው ማነው? እጁን ያውጣ!"
እጅ አልወጣም።

እሱም እውነቱን ነው፤ ጻፍኩት። እሷም እውነቷን ነው፤ ጻፍኩት።
ሁለት እውነት በአንድ ገጽ፣ እንደ ሁለት ሰው በአንድ አልጋ፣
ብርድ ልብሱን ሲጓተት አየሁት።

ስለ ካሳ ተነሣ። ቁጥሩ ትልቅ ነበር።
"ቤቴን አልሸጥም" አለች፤ "መንገዱንም አልከለክልም።
ቤቱን አንሡልኝ።"
ልጁ ዙሪያውን አየ፤ የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።
በእኛ ዘንድ ቤት እግር አለው፣ ጎረቤት እስካለው፤
ሚንጋ እንለዋለን፤ ደቦ ነው፣ ክፍያው ምሳ ነው።

በጭጋጉ መሐል ቀድሞ የደረሰው ማን ነበር?
ዴሊሲዮ፤ ከስድስት ጥማድ በሬ፣ ከመርከብ ገመድ ጋር።
"ድልድዩን አልወደውም" አለኝ፤ "ይህንንም ጻፊው።"
ግንድ ከሥር አነጠፍን። ምድጃዋን አላጠፋችም፤
ቤቱ ጭሱን እያወጣ በድንቹ ማሳ ላይ ሄደ
እንደ መርከብ፣ የግድግዳው ሰዓት ውስጡ እየቆጠረ።
መሐንዲሱ በአዲስ ጫማው ጭቃው ውስጥ ገባ፣
ትከሻውን ሰጠ።
ስሙን የጠየቅነው ያን ጊዜ ነው።

ድልድዩ ከተከፈተ ሦስት ክረምት ሆነ።
የፋቢዮላ ልጅ በእናቷ ሆድ ሳለች፣ በእኩለ ሌሊት፣
በሃያ ሁለት ደቂቃ ሆስፒታል ደረሰች፤
ዛሬ ዶሮ ታባርራለች።
አራት በሮች ተቆልፈዋል።
በመንገዱ መብራት ኮከቦቹ ሳስተዋል።
ጀልባዋ ተገልብጣ፣ ከሥሯ ዶሮ ትታቀፋለች።
ዴሊሲዮ በድልድዩ አይሄድም፣
ዓይኑን ሊታይ ከሄደባት ከአንዲት ማክሰኞ በቀር፤
እሷንም እንዳትጽፊ ብሎኛል።

ኤዱቪናን ጠየቅኋት፦ "ደግ ሆነ ወይስ ክፉ?"
ድንች ትልጥ ነበር፣ ስሙን የማላውቀውን፣ ሐምራዊውን።
አምቡላንሱ በመስኮቷ ሥር እያለቀሰ አለፈ።
ቢላዋዋን አስቀመጠች። ትልቁን ድስት ጣደች።
"ሲመለሱ" አለች፣ "ይርባቸዋል።"